በውርስ ዕቃ ላይ የተቀረጸ ስምና የትውልድ ሐረግ

በአገራችን ብዙ ቤተ ሰቦች ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ዕቃ አላቸው። የአንገት መስቀል፣ ዳዊት ከነማኅደሩ፣ ጐራዴ፣ የቀንድ ዋንጫ፣ የብር ኩክ ማውጫ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። ከእነዚህም መካከል ጽሕፈት ያለባቸው አይታጡም። የዕቃው ወራሾች «ይህ የማን ነበር?» ተብለው በተጠየቁ ጊዜ የአንድ ታላቅ አያት ስም ይጠራሉ፤ ጽሕፈቱ በተነበበ ጊዜ ግን የሚገኘው ስም ሌላ ይሆናል። ያን ጊዜ ከሁለት ነገር አንዱ ይደረጋል። ወይ ዕቃው «ከሌላ ቤት የመጣ ነው» ተብሎ ይናቃል፤ ወይ ጽሕፈቱ ተትቶ የአፍ ታሪኩ ብቻ ይያዛል። ሁለቱም የችኰላ ፍርድ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው የስሞቹ አለመስማማት ብቻውን አንዱን ወገን ሐሰተኛ እንደማያደርገው ነው። በመስቀልና በመጽሐፍ ላይ የሚጻፈው ስም አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው በቤተ ክርስቲያን የሚጠራበት የክርስትና ስም ነው። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ በቃል የሚቈጥሩት ስም ደግሞ በአደባባይ፣ በችሎትና በርስት ክርክር የታወቀው የዓለም ስሙ ነው። አንድ ሰው በሁለት ቦታ በሁለት ስም ስለ ታወቀ፣ የመርማሪው ዋና ሥራ ሁለቱ ስሞች በአንድነት የሚገኙበትን ስፍራ መፈለግ ነው።

ጽሕፈቱ የማንን ስም ይናገራል?

በዕቃ ላይ የተገኘ ስም ሁሉ የባለቤቱ ስም አይደለም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ጽሕፈቱ ከየትኛው ዓይነት እንደ ሆነ መለየት ይገባል።

የመጀመሪያው ዓይነት የባለቤትነት ጽሕፈት ነው። ይኸውም በግዕዝ «ዝንቱ መስቀል ዘእገሌ» ወይም «ዛቲ መጽሐፍ ዘእገሌ» እያለ የሚጀምረው ነው። ሁለተኛው የስጦታ ጽሕፈት ሲሆን፣ ሰጪው ለነፍሱና ለሥጋው ድኅነት ዕቃውን ለአንድ ደብር መስጠቱን ያመለክታል። እንዲህ ያለ ዕቃ በአንድ ቤተ ሰብ እጅ ቢገኝ፣ ከደብሩ እንዴት እንደ ወጣ መጠየቅ የታሪኩ አንዱ ክፍል ነው። ሦስተኛው የሠሪው ወይም የጸሐፊው ስም ነው። በመጻሕፍት መጨረሻ ላይ የጸሐፊው፣ ያስጻፈውና የተጻፈለት ሰው ስም ተከታትሎ ስለሚገኝ፣ ሦስቱን መቀላቀል የተለመደ ስሕተት ነው። አራተኛው የሸላሚው ምልክት ነው። ለምሳሌ ከዐፄ ምኒልክ ዘመን በቀሩ ብዙ ጐራዴዎች ላይ «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ቃል ይነበባል። ይህ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ያመለክታል እንጂ ጐራዴውን የታጠቀው ማን እንደ ነበረ አይነግረንም።

በመጻሕፍት ላይ ደግሞ «ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዝ ይኩን» የሚለው ግዝት ይገኛል፤ የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ግዝቱ ፋቂውን ከሌባ ጋር እኩል መቊጠሩ የባለቤትን ስም ፍቆ የራስን መጻፍ የታወቀ ነገር እንደ ነበረ ያሳያል። በእርግጥም በብዙ ብራናዎች ላይ የመጀመሪያው ስም ተፍቆ በላዩ ሌላ ስም ተጽፎ ይታያል። በክታብ ላይ ይህ ይበልጥ የተዘወተረ ነው፤ ክታቡ የሚጠብቀው ሰው የክርስትና ስም በየጸሎቱ መካከል ስለሚገባ፣ ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ባለፈ ጊዜ ስሙም አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ መርማሪው ብራናውን በጐን በኩል በሚያበራ ብርሃን አይቶ፣ ከሚነበበው ስም ሥር የተፋቀ ስም መኖሩን ሳያረጋግጥ ምንም መደምደም የለበትም።

የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ የመንግሥት ስም

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ ያን ጊዜም የክርስትና ስም ይሰጣል። ይህ ስም በቁርባን፣ በፍትሐትና በተዝካር ጸሎት የሚጠራ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ግን ብዙ ሰዎች ይሰውሩታል፤ ክፉ የሚያስብ ሰው ወይም ደብተራ ስሙን ይዞ መድኀኒት ያደርግብኛል የሚል ሥጋት ስለ ነበረ ነው። ስለዚህ የልጅ ልጆች የአያታቸውን የክርስትና ስም አለማወቃቸው ሊያስደንቅ አይገባም።

ለዚህ ነገር ከሁሉ የሚሻል ምሳሌ የሚሆነን ታሪኩ በሚገባ የታወቀ አንድ የጎንደር ዘመን የወርቅ ጽዋዕ ነው። ጽዋዑ ዛሬ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ይገኛል። በላዩ የተቀረጸው የግዕዝ ጽሕፈት ጽዋዑ ስመ መንግሥታቸው አድያም ሰገድ የተባለው የንጉሠ ነገሥት ኢያሱና ስመ መንግሥታቸው ብርሃን ሞገሳ የተባለው የንግሥት ወለተ ጊዮርጊስ መሆኑን፣ ለቍስቋምም መስጠታቸውን ይናገራል። ኢያሱ የተባሉት ከ1723 እስከ 1747 ዓ.ም. የነገሡት ዳግማዊ ኢያሱ ናቸው። ወለተ ጊዮርጊስ የተባሉትም እናታቸው፣ የዐፄ በካፋ ባለቤት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው።

እንግዲህ አስተውሉ። ሕዝብ ሁሉ የሚያውቀው «ምንትዋብ» የሚለው ስም በጽሕፈቱ ውስጥ የለም። ያለው የክርስትና ስማቸውና የመንግሥት ስማቸው ነው። ሦስቱን ስሞች የሚያገናኝ ዜና መዋዕል ባይቀርልን ኖሮ፣ በጎንደር በአፍ የሚነገረው የምንትዋብ ታሪክና በጽዋዑ ላይ ያለው የወለተ ጊዮርጊስ ስም የሁለት ሴቶች ታሪክ መስሎ በታየን ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ሁለቱ በየመንግሥት ስማቸው ጐን ለጐን መጠራታቸው እቴጌይቱ በልጃቸው ዘመን ዘውድ ጭነው የመንግሥቱ ተካፋይ እንደ ነበሩ ከዜና መዋዕሉ ጋር ተስማምቶ ይመሰክራል።

ጽዋዑ ስለ ዕቃ ጉዞም ያስተምረናል። ለቍስቋም የተሰጠው ይህ ንዋየ ቅድሳት በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር በተያዘች ጊዜ ከተወሰደው ምርኮ አንዱ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ መጻሕፍትና ንብረት ወደ መቅደላ ማሰባሰባቸው የታወቀ ነው። ስለዚህ አንድ ዕቃ የተገኘበት ቦታና የተሰጠበት ቦታ የተለያዩ መሆናቸው ጽሕፈቱን አያስተባብልም፤ በመካከል ያለውን መንገድ እንድንፈልግ ያስገድደናል እንጂ።

ንጉሣዊ ያልሆነ ቤተ ሰብ ግን ዜና መዋዕል የለውም። ስለዚህ የእርሱን ስሞች የሚያገናኘውን ድልድይ ከሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ነው። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ከጽሕፈቱና ከዕቃው ራሱ ሊገኝ የሚችለውን ሁሉ ማውጣት ይገባናል።

ከስሙ፣ ከዘመኑና ከብሩ የሚገኝ ምስክር

የክርስትና ስም ራሱ ጥቂት ነገር ይናገራል። ወለተ፣ አመተ፣ እኅተ የሚሉት ለሴት፣ ወልደ፣ ገብረ የሚሉት ለወንድ ናቸው፤ ኪዳነ ማርያምን የመሰለ ስም ግን ለወንድም ለሴትም ሊሰጥ ስለሚችል ጾታውን ከሌላ ምልክት መፈለግ ያሻል። የሚከተለው የቅዱስ ስም ብዙ ጊዜ ሰውየው የተወለደበትን ወይም ክርስትና የተነሣበትን ቀን ያመለክታል። ወሩ በባተ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኀኔ ዓለም ስለሚታሰቡ፣ ቤተ ሰቡ የሚያከብረው የአያት ዝክር ከስሙ ጋር መስማማቱን ማየት ይጠቅማል።

ማዕረግም ጊዜን ይወስናል። ቤተ ሰቡ «ደጃዝማች» እያለ የሚያስበው ሰው በጽሕፈቱ ላይ «ቀኛዝማች» ከተባለ፣ ዕቃው የተሠራው ከመሾሙ በፊት ሊሆን ይችላል። ማዕረጉ ከነጭራሹ ካልተጻፈ ግን ይህ ብቻውን ምንም አያስረዳም፤ በእግዚአብሔር ፊት ማዕረግን ትቶ መጠራት የትሕትና ልማድ ነውና።

ዘመን በተጻፈ ጊዜ በምን አቈጣጠር እንደ ተጻፈ መለየት አስፈላጊ ነው። ዓመተ ዓለም ከዓመተ ምሕረት በ5500 ይበልጣል፤ ስለዚህ 7360 ዓመተ ዓለም 1860 ዓ.ም. ነው። አንዳንድ ጥንታውያን ጽሕፈቶች ደግሞ በ532 ዓመት በሚዞረው ዐቢይ ቀመር ስለሚቈጥሩ፣ ቊጥሩ አነስተኛ ቢመስል ወዲያው ስሕተት ነው ማለት አይገባም። ከዚህም ሌላ የወንጌላዊው ስም መልካም ማረጋገጫ ይሆናል። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 1 ቢተርፍ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ዘመነ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ዘመነ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ለምሳሌ በአንድ ዳዊት ላይ «በ፲፰፻፷ ዓመተ ምሕረት በዘመነ ዮሐንስ» የሚል ቢገኝ ሒሳቡ ትክክል ነው። «በዘመነ ማርቆስ» ቢል ግን ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል፤ ወይም ፸ የነበረው ፷ ተብሎ እንደ ተነበበ ያለ የአነባበብ ስሕተት ገብቷል።

ከጽሕፈቱ ቀጥሎ ዕቃው ራሱ ይመረመራል። ብዙ የአንገት መስቀሎችና ጌጦች የተሠሩት አንጥረኛው ጠገራ ብር አቅልጦ ነው። ይህ ብር በኦስትሪያ ንግሥት በማርያ ቴሬዛ መልክ የተመታ፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝን፣ ከ1000 እጅ 833 እጁ ጥሩ ብር የሆነ ገንዘብ ነበር። ንግሥቲቱ ከሞቱበት ከ1780 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለብዙ ዘመን በተመታው ሁሉ ላይ ያው 1780 የሚለው ዓመት ስለ ተጻፈ፣ ብሩ ሳይቀልጥ ማንጠልጠያ ተበጅቶለት በአንገት ጌጥነት ሲገኝ «የ1780 ዕቃ ነው» ማለት አይቻልም። እንዲሁም መስቀሉ የተሠራበትና ስሙ የተቀረጸበት ጊዜ አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ማንጠልጠያው በመታሸት ብዛት ሲሳሳ ፊደሉ ግን አዲስ ሆኖ ከታየ፣ ስሙ ከብዙ ጊዜ በኋላ የተጨመረ ሊሆን ይችላል።

የቃል ሐረግ ጥንካሬና ድካም

ወደ ቤተ ሰቡ ቃል ስንመለስ፣ የአማራ ባላገር የትውልድ ቈጠራ ለሁለት ጕዳይ ያገለግል እንደ ነበር እናገኛለን። አንዱ ጋብቻ ነው፤ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና ያላቸው እንዳይጋቡ ሐረግ ይቈጠራል። ሁለተኛው ርስት ነው። ባለርስት ነኝ የሚል ሰው ከአቅኚው አባት መወለዱን በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል እየቈጠረ በዳኛ ፊት ያስረዳ ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ አለን ሆበን ስለ ጎጃም ርስት ባጠኑትና እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህ በሁለቱም ወገን የሚቈጠር ሐረግ እንዴት እንደሚሠራ በሰፊው ገልጸዋል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ በአባትም በእናትም የሚቈጠር ሐረግ እጅግ ሰፊ ነው። አንድ ሰው 2 ወላጆች፣ 4 አያቶች፣ 8 ቅድመ አያቶች አሉት፤ እንዲህ እየተባዛ በሰባተኛው ትውልድ 128 ይደርሳል። ቤተ ሰቡ ከእነዚህ ውስጥ የሚያስታውሰው ርስት ያወረሱትን ወይም ዝና የነበራቸውን ጥቂቶቹን ብቻ ነው። ዕቃው የመጣው ርስት ካላወረሰች አንዲት ቅድመ አያት ቢሆን፣ ስሟ ከቃሉ ሐረግ ቀርቶ በመስቀሉ ላይ ብቻ ሊኖር ይችላል። ሁለተኛ፣ የቃሉ ሐረግ ጥቅም ያለበት ምስክርነት ነው። ለሙግት እንዲመች አንድ ትውልድ ሊዘለል፣ አጐት በአባት ቦታ ሊቈጠር ይችላል። በአንጻሩ ተቀናቃኝ ባለርስት በዚያው ሸንጎ ቆሞ ይሰማ ስለ ነበረ፣ ፈጽሞ የፈጠራ ሐረግ በቀላሉ አያልፍም ነበር።

ስለዚህ ጽሕፈትና ቃል አንዱ የሌላውን ጕድለት ይሞላል። ጽሕፈቱ የርስት ጥቅም አያጣምመውም፤ ነገር ግን ዝምድናን አይናገርም። ቃሉ ዝምድናን ይናገራል፤ ነገር ግን ሊጣመም ይችላል።

ሁለቱ ስሞች የሚገናኙበት ስፍራ

የክርስትና ስምና የዓለም ስም በአንድነት የሚታወቁት በመጀመሪያ በንስሐ አባት ዘንድ ነው። ሰው በሞተ ጊዜ ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስሙ ስለ ሆነ፣ ቤተ ሰቡ ያን ስም ለካህኑ መንገር አለበት፤ በ40 ቀኑ ተዝካርም ይኸው ስም ይደገማል። የንስሐ አባትነት በአንድ ቤት ብዙ ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ፣ የካህኑ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ከቤተ ሰቡ ይልቅ ስሙን ሊያስታውስ ይችላል። ክርስትና አባትና ክርስትና እናት የሆኑ ቤተ ሰቦች፣ ሟቹ የጠጣበት የጽዋ ማኅበር አባላትም እንዲሁ መጠየቅ አለባቸው።

ሁለተኛው ስፍራ የመጻሕፍት ኅዳግ ነው። በወንጌልና በሌሎች የደብር መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ የርስት ሽያጭ፣ የጕልት ስጦታና የኑዛዜ ቃል ተጽፏል። በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭ ጽሕፈቶች የሻጩና የገዢው ስም፣ ዋጋው፣ የምስክሮቹና የዋሶቹ ስም ይገኛል። ዶናልድ ክራሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ስለ መሬትና ኅብረተ ሰብ የተጻፈ መጽሐፍ አብዛኛው በእነዚህ ጽሕፈቶች ላይ የተመሠረተ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም እየተነሡ፣ በጌታቸው ኀይሌና በዊልያም ማኮምበር ካታሎግ መዘጋጀቱ ለዚህ ምርምር ትልቅ በር ከፍቷል። ካታሎጎቹ የመጽሐፉን ይዘት ብቻ ሳይሆን የባለቤቶችን ስምና የኅዳግ ጽሕፈቶችን ጭምር ይመዘግባሉና።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ይህን ሁሉ በአንድ ምሳሌ እንየው። በሸዋ በአንድ ቤተ ሰብ እጅ «ዘወለተ ሚካኤል» የሚል የብር መስቀል ተገኘ እንበል። የእቴጌ ጣይቱ የክርስትና ስም ወለተ ሚካኤል እንደ ነበረ የሚያውቅ ሰው «ይህ የእቴጌይቱ መስቀል ነው» ለማለት ይቸኵላል፤ ቤተ ሰቡም በደስታ ይቀበለዋል። ነገር ግን ይህን ስም የያዙ ሴቶች ቊጥር ስፍር የላቸውም። የንግሥና ማዕረግ ወይም የመንግሥት ምልክት በሌለበት መስቀል ስሙ ብቻ የሚያረጋግጠው ባለቤቷ ሴት መሆኗን ነው። የታላቅ ሰው ስም አንድ ጊዜ ከዕቃው ጋር ከተጣበቀ ደግሞ፣ እውነተኛዋ ባለቤት ሁለተኛ ሞት ትሞታለች፤ ማንም ከዚያ ወዲያ አይፈልጋትምና።

ትክክለኛው መንገድ የሚከተለው ነው። መጀመሪያ ጽሕፈቱ ከነስሕተቱ፣ ፊደል ሳይታረም ይገለበጣል፤ ፎቶግራፍም ይነሣል። ሁለተኛ፣ ለሽማግሌዎች ጽሕፈቱ ምን እንደሚል ሳይነገር የዕቃው አወራረድ ይጠየቃል፤ ስሙ አስቀድሞ ከተነገረ ሁሉም በእርሱ ዙሪያ ይተርካልና። ሦስተኛ፣ ልዩ ልዩ የቤተ ሰቡ ቅርንጫፎች ለየብቻ ይጠየቃሉ። ባሎቻቸውን ተከትለው ወደ ሌላ አገር የሄዱ ሴቶች ልጆች ወገን በተለይ መዘንጋት የለበትም፤ ጌጥና መስቀል ብዙ ጊዜ በሴት በኩል ይወርዳልና። አራተኛ፣ በየቅርንጫፉ በዚያ ዘመን የነበሩ ሴቶች ሁሉ በዓለም ስማቸው ይዘረዘራሉ። አምስተኛ፣ ዝርዝሩ ተይዞ ወደ ንስሐ አባቶች ቤት፣ ወደ ማኅበሩና ወደ ደብሩ መጻሕፍት ይኬዳል። ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ወለተ ሚካኤል ተብላ መጠራቷ ከቤተ ሰቡ ጥቅም በሌለው ምስክር ከታወቀ፣ ነገሩ ተረጋገጠ ማለት ነው። ሁለት ሴቶች ስሙን ቢጋሩ ግን ሁለቱንም ጽፎ ማቈየት እንጂ አንዷን መምረጥ የመርማሪው ሥልጣን አይደለም።

ጊዜው ስለ ማጠሩ

ይህ ምርምር ሊዘገይ የማይገባው ለሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የቃሉን ሐረግ ያጸናው የርስት ሥርዐት በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምእተ ዓመት አልፏል፤ በችሎት ቆመው እስከ አቅኚው አባት የቈጠሩ ሰዎች ዛሬ ጥቂት ናቸው። የጋብቻው ቈጠራ ቢቀጥልም፣ እንደ ርስቱ ሙግት በምስክርና በመሐላ የሚፈተን አይደለም።

ሁለተኛው ዕቃው ራሱ መጥፋቱ ነው። መስቀሉ እንዲያበራ እየተባለ በአሸዋና በአመድ ሲፈተግ ፊደሉ ይጠፋል፤ ተሸጦ በቀለጠ ጊዜ ደግሞ ሁሉም ያበቃል። ነጋዴ እጅ የገባ መስቀል፣ ጽሕፈቱ ሳይጠፋ እንኳ ቢቀር፣ ከየት ቤት እንደ ወጣ የሚናገርለት ሰው የለውም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በ1992 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቊጥር 209 ግለ ሰብ ቅርስን በባለቤትነት ሊይዝ እንደሚችል ቢፈቅድም፣ የመጠበቅ ግዴታን አብሮ ጥሎበታል። የሚጠበቀው ግን ብሩ ብቻ ከሆነ ግማሹ ቅርስ ጠፍቷል። ከብሩ ጋር ስሙ፣ ከስሙም ጋር ዝምድናው አብሮ ሊመዘገብ ይገባል።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን ለዕረፍት ወደየአገራቸው በሚሄዱበት ጊዜ በቤታቸው ያለውን ጽሕፈት ገልብጠው፣ ከሽማግሌዎቹ ቃልና ከንስሐ አባቱ ምስክርነት ጋር አያይዘው ቢያኖሩ፣ ትልቅ መሣሪያ ወይም ብዙ ገንዘብ ሳያስፈልግ ለአገር ታሪክ የማይናቅ አገልግሎት ይፈጽማሉ። በመስቀሉ ላይ ያለችው ወለተ ሚካኤል የማን እናት እንደ ነበረች መልስ ሊሰጥ የሚችል ሰው በሕይወት ያለው ዛሬ ነው።